ከአንድ ቴሌቪዥን ፊት፤ ስለ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያዎች የአንድ ተጫዋች አስተያየት

በዚህ መጽሔት ገጾች ስለ ማሲንቆ ቅኝት፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴአትር ብዙ ተጽፏል። ስለ ገበጣ የሚጽፍ ሰውም ቢሆን አያፍርም፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ገበጣና ስለ መሰሎቹ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ጥናት ጨዋታም እንደ ቅኔና እንደ ሽመና ሊመረመር የሚገባው የሕዝብ ሀብት መሆኑን አሳይቷል። ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በእጅ ስለሚመራው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ግን ለጽሑፍ የበቃ ቃል ብዙም አይገኝም። ወላጅና መምህር ያወግዙታል፤ ልጆች ይጫወቱታል፤ በመካከሉ ሥራው ራሱ፣ ይኸውም ጨዋታው እንዴት እንደ ተሠራ፣ ከተጫዋቹ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚሰጠው፣ ሳይነገር ያልፋል። እኔ በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝ። በመተማ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ደግሞ፣ ያኔ ለማንም ሳልናገር፣ ተጫዋች ነበርኩ። ስለዚህ የምናገረው ከውጭ ቆሜ አይደለም።

መተማ ዮሐንስ የደረስኩት በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር ነበር። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወርዶ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ ድንበሩ ላይ የሚያበቃውን መንገድ የያዘ ደገኛ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የቆላው ወበቅ ፊቱን ይመታዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አልጋን ወደ ደጅ አውጥቶ መተኛት የተለመደ ነው። የከተማይቱ ዋና ጎዳና ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ጋላባት ነው፤ ሱዳን። ወደ ድልድዩ ሳይደረስ አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከፊቱ ሻይ ይፈላል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ማራገቢያ ነበሩ። የገባሁት ለማራገቢያው ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም፤ በእርግጥም ለማራገቢያው ነበር የገባሁት። የቆየሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠውን መሣሪያ ሁላችንም በጨዋታው ስም «ሱፐር ማሪዮ» እንለው ነበር። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው መሣሪያ ርካሽ ቅጂ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሌላው ዓለም ከገበያ ወጥቶ ሳለ እኛ ዘንድ ገና አዲስ ነበር። ካሴቱ ላይ «9999 ጨዋታ በ1» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቆጥረን ስንደርስበት ግን ስማቸው እየተለዋወጠ የሚደጋገሙ ሃያ የማይሞሉ ጨዋታዎች ሆነው አገኘናቸው። ካሴቱ እምቢ ሲል አውጥቶ እፍ ማለት የቤቱ ሥርዓት ነበር። መሣሪያውን የሚያስነሣው እፍታው ሳይሆን ካሴቱ ተነቅሎ እንደገና መሰካቱ ነው፤ የትንፋሽ እርጥበት እንዲያውም ብረቱን ያበላሸዋል። ይህን ለልጆቹ ባስረዳቸውም አንዳቸውም አልተቀበሉኝም።

እንግዲህ ከማሪዮ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1985 በሺገሩ ሚያሞቶ መሪነት የተሠራው ይህ ጨዋታ ጠቅላላ መጠኑ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ጠባብ ቦታ ሠሪዎቹ ሰማይና ምድር፣ ዋሻና ባሕር፣ ምሽግና ዜማ አስገብተውበታል። በሰማዩ ላይ ያለውን ደመናና በመሬቱ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አስተያይቶ ለተመለከተ ሰው ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የተቀየረው ቀለማቸው ብቻ ነው። አንድ አውታር ባላት ማሲንቆ ሠርጉንም ለቅሶውንም የሚያደርስ አዝማሪ ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ብልሃት ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የማስተማር ዘዴው ነው። ጨዋታው ሲጀመር አንድም የቃል መመሪያ የለም። አንድ ትንሽ ጠላት ከቀኝ በኩል እየተንቀራፈፈ ይመጣል፤ ካልዘለልክ ትሞታለህ፤ ብትሞትም ያጠፋኸው ጥቂት ሴኮንድ ስለሆነ ደግመህ ትሞክራለህ። ስትዘል ከላይህ ያለውን ጡብ ትመታለህ፤ ጡቡም ሽልማት ይሰጥሃል። ፊደል ያልቆጠረ እረኛ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሕጉን ሲያውቅ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት የዐድዋን ጦርነት መንሥኤዎች አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስረድቼ፣ ግማሹ ተማሪ እንደ ገባ ነበር የወጣው።

ጉድለቱንም ልናገር። ማሪዮ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው ይባላል፤ እንዲያው ስሙ ነው። አንዱ ማሪዮን ይዞ እስኪሞት ድረስ ሉዊጂን የያዘው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛው ሰው ኑዛዜ እንደሚጠብቅ ወራሽ የጓደኛውን ሞት ይመኛል፤ ጎበዝ ከጀማሪ ጋር በተቀመጠ ቀንማ ጀማሪው ሻዩ ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ተራ አያገኝም። በዚህ ምክንያት ማሪዮን አደንቀዋለሁ እንጂ አልወደውም።

የዳክዬ አደኑን ሁሉም ይወደው ነበር፤ እኔ ግን ከመሣሪያው ብልሃት በቀር የማደንቅለት የለኝም። ጠመንጃው አንዳች ነገር አይተኩስም፤ ሥራው ማየት ነው። ቃታው ሲሳብ ቴሌቪዥኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬው በነበረበት ቦታ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ይበራል፤ ጠመንጃው በአፈሙዙ ያንን ብርሃን ካገኘ ዳክዬው ተመታ ይባላል። ይህ የሚሠራው በአሮጌው ዓይነት ቴሌቪዥን ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት በኋላ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በገዛ ጊዜ ያ ጠመንጃ በአንድ ቀን ከተራ እንጨት የማይሻል ሆነ። ዒላማውን በሳተ ሰው ላይ ከሣሩ ብቅ ብሎ የሚስቀው ውሻ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ኮንትራ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት ወታደሮች እየተኮሱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እዚህ ላይ ሁለት ሰው በእርግጥ አብሮ ይጫወታል። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን ፏፏቴ ነው፤ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል። ቀዳሚው ሲዘል ሥዕሉ አብሮት ከፍ ይላል፤ ከሥር የቀረው ጓደኛ የቆመበት ድንጋይ ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ይጠፋና ይሞታል። የገደለው ጠላት አይደለም፤ የጓደኛው ችኮላ ነው። በዚህች ፏፏቴ ምክንያት ተደባድበው አንዱ የሌላውን ሸሚዝ የቀደደ ወንድማማቾች አስታርቄ ዐውቃለሁ። ብዙ ሰው ይህን እንደ አሠራር ስሕተት ይቆጥረዋል። እኔ በበኩሌ ስሕተት ነው ብዬ አላምንም፤ ሆን ተብሎም ይሁን ሳይታሰብ፣ ሰውን የሚያሳይ መስታወት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከኋላው ያለውን የሚጠብቅና የማይጠብቅ ሰው በሦስት ደቂቃ ይለያል።

ከእነዚህ ሁሉ የመረጥኩት ታንኩን ነው። ባትል ሲቲ የሚባለውን ይህን ጨዋታ ናምኮ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ምዕራፎቹ 35 ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ምዕራፍ 20 የጠላት ታንኮች ከላይ እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ከግርጌው መካከል በጡብ የታጠረ ንስር አለ። የሁለቱ ተጫዋቾች ሥራ ንስሩን መጠበቅ ነው፤ እሱ ከተመታ ታንኮቻቸው በሙሉ ጤና ቢኖሩም ነገሩ ያበቃል። ንስሩን የጠላት ጥይት ብቻ ሳይሆን የራሳቸው ጥይትም ይገድለዋል። ጓደኛህን በስሕተት ብትመታው አይሞትም፤ ለጥቂት ጊዜ ደርቆ ይቆማል፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ጠላት ያልፋል። ስለዚህ መነጋገር ግድ ይሆናል። አማርኛ የማይችል የጋላባት ልጅና ዓረብኛ የማይችል የቋራ ልጅ በዚያ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው «አንተ ግራውን፣ እኔ እዚህ» ሲባባሉ፣ ቃሉን ከየት እንዳመጡት ሳይታወቅ ይግባቡ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ጠባቂ ማግኘት ነው። ሁሉም ወደ ላይ ወጥቶ መተኮስ ይፈልጋል፤ ከንስሩ አጠገብ ቆሞ የሚውል አይገኝም። እኔ ጠባቂ ነበርኩ። በተኩስ ጎበዝ ስላልነበርኩ እንጂ ትሕትና ይዞኝ አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. በክፍል ውስጥ ስለ መተማ ጦርነት ሳስተምር ነበር። ከተማይቱ በስማቸው የምትጠራው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ ነው የወደቁት። ሠራዊታቸው የመሐዲስቶቹን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ፣ ድሉ ቀርቦ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መመታታቸው በተሰማ ጊዜ ተፈታ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ሊያሸንፍ የተቃረበ ጦር እንዴት እንዲህ ባንድ ጊዜ ይበተናል የሚለውን ለማስረዳት ስለ ሥልጣንና ስለ መሳፍንት ብዙ ደከምኩ። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ እንደ ታንኩ ጨዋታ ማለት ነው? ታንኮቹ ሳያልቁ ንስሩ ተመታ» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም ብሎ ወደ እኔ አየ። ልጁ ማታ ማታ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያየኝ ነበርና እንደሚገባኝ ያውቃል። በዚያ ዓመት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም። እኔ ግን «የምን ታንክ ነው የምታወራው?» ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ፕሌይስቴሽን 2 አስገባ፤ ስሙም «ፕሌይስቴሽን ቤት» ሆነ። ሶኒ ይህን መሣሪያ በጃፓን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ነበር፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ሥራው እ.ኤ.አ. እስከ 2013 መግቢያ ድረስ ቀጥሎ ነበር። የመተማ አቧራ የሌዘሩን ዓይን እየሸፈነ ሲዲ አላነብ ሲል፣ ባለቤቱ መሣሪያውን ፈትቶ በጥጥ ይወለውለው ነበር። ገበያው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ይደምቃል። ሰሊጥ ሲደርስ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ በመስከረምና በጥቅምት ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ብዙ ነው። እሑድ እጁ በማጭድ የተላላጠ ጎረምሳ ቁጭ ብሎ ጆይስቲክ ይጨብጣል። ደንቡ አንድ ነበር፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል።

የዚህ ዘመን ንጉሥ ዊኒንግ ኢለቨን ነበር። ፊፋ የሚባለው ተፎካካሪው ትክክለኛ ስምና ማልያ ነበረው፤ ዊኒንግ ኢለቨን ደግሞ ኳስ ነበረው። ይህ አስተያየቴ የሚያጣላ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ተለይቶ የራሱ ክብደት የነበረው፣ ደካማ ማቀበል የሚያስቀጣና ትዕግሥት የሚያስከፍለው በእርሱ ነው። ሕጋዊ ፈቃድ ስላልነበረ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለዋል፤ ልጆቹ ግን ማን ማን እንደ ሆነ ከማልያው ቀለም ያውቁታል። የኛ ቅጂ የጨዋታ ዘጋቢው ጃፓንኛ ይናገራል፤ ጎል ሲገባ የሚጮኸውን ጩኸት የቤቱ ልጆች ሁሉ አንድም ቃል ሳያውቁ አጥርተው ይደግሙታል። የኢንተሩ አድሪያኖ የግራ እግር ምት ፍርድ የጎደለው ነበር፤ ከሩቅ የመታው ሁሉ ይገባል። ስለዚህ የቤቱ ሸንጎ ተነጋግሮ፣ ኢንተርን የመረጠ ሰው አንድ ጎል አስቀድሞ እንዲሰጥ ወሰነ። ሠሪዎቹ ያላረሙትን እኛ በደንብ አረምነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ አልታረመም። እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም የተካሄደውን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ የተጫወቱት ሦስት አገሮች ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ናቸው። ኢትዮጵያ በ1962፣ ሱዳን በ1970 ዋንጫውን ወስደዋል። በዚያ ሲዲ ውስጥ ግን ኢትዮጵያም ሱዳንም አልነበሩም። ከጋላባት የተሻገረው ልጅ ናይጄሪያን፣ የኛው ካሜሩንን ይዘው፣ በሁለት ጎረቤት አገር ድንበር ላይ በሰው ማልያ ይፋለማሉ። አንድ ሌሊት እኔና አንድ የሱዳን ነጋዴ ልጅ በማስተካከያው ክፍል ገብተን የሁለት ቡድኖችን ስም ፍቀን የራሳችንን ጻፍን፤ ማልያውንም ቀባነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ቤቱ ከሌላ ጨዋታ ተለየ፤ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። በኋላ መብራት ተቋርጦ ሜሞሪ ካርዱ ሲበላሽ ሁሉም ጠፋ። ደግሞ የሠራው የለም።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ ልበል። ቴክን 3 ያማረ የድብድብ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ኤዲ ጎርዶን የያዘ ጀማሪ ቁልፉን እንዳገኘ በመደብደብ ብቻ ወር የለፋን ሰው ይጥላል፤ ለልፋት ዋጋ የማይሰጥ ጨዋታ ደግሞ እኔን አይመቸኝም። ሳን አንድርያስ ሙሉ ከተማና ገጠር የያዘ ታላቅ ሥራ ነው ይላሉ፤ በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ለሚከፍል ሰው ግን መኪና ሰርቆ ከፖሊስ ከመሸሽ በቀር የሚደርስበት የለም፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያየ ደንበኛ አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጎድ ኦፍ ዋር በሥዕሉ ግዝፈት ሁሉንም ያስንቃል። ይሁን እንጂ እሱ በገባ ቀን ቤቱ ዝም አለ። አንዱ ይገድላል፣ አሥራ ሁለቱ ያያሉ። ብዙዎች ከዚያ ወዲህ የመጡት ጨዋታዎች በሙሉ እየተሻሻሉ ሄደዋል ሲሉ እሰማለሁ፤ በሥዕል ረገድ እውነት ነው። እኔ ግን የጎን ወንበሩን አብረው ይዘው መሄዳቸውን እቆጥርባቸዋለሁ።

በ2003 ዓ.ም. ስለዚህ ቤትና ስለ መሰሎቹ ስብሰባ ተጠራ። ክሱ መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም። ከክፍሌ ሁለት ልጆች ትምህርት ጥለው እዚያ ይውሉ ነበር፤ አንዱ ለደብተር የተሰጠውን ገንዘብ አጥፍቷል። ይህን ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ስላየሁ። ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ተናጋሪዎቹ አንድም ቀን ገብተውበት የማያውቁትን ቤት ሲገልጹ፣ ጨዋታው «አእምሮን የሚያደነዝዝና ከኅብረተሰቡ የሚነጥል» ነው ሲሉ፣ እኔ ቃል በቃል ጻፍኩ። የሚነጥለውና የሚያቀራርበው የትኛው እንደ ሆነ፣ የተማሪውን ሰዓት ገድቦ ቤቱን ማቆየት የሚቻል መሆኑን፣ ለመናገር እጄን ማውጣት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አላወጣሁም። ባለቤቱ ከኋላ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። «ይኸው መምህሩ ራሱ ደንበኛዬ ነው» ቢል ቢያንስ አንድ ሳቅ ያገኝ ነበር። አላለም። ቤቱ እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ውሳኔውም በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተፈረመ።

ባለቤቱ ፕሌይስቴሽኖቹን ለገንዳ ውኃ ነጋዴ ሸጠ። በሦስተኛው ቀን ማታ በሬን አንኳኳ፤ በፌስታል የጠቀለለውን አሮጌውን መሣሪያ ከነካሴቱ ይዟል። «መምህር፣ ይህቺን የሚገዛት የለም። አንቱ ይያዟት፤ ያውቋታል» አለኝ። ዋጋዋን ብጠይቀው እጁን አወናጨፈ። ስለ ስብሰባው ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ሻዩን እንዳይፈላበት እንደ ተወው ሰው ቸኩሎ ሄደ።

መሣሪያዋ ለብዙ ዓመት ከአልጋዬ ሥር ቆየች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ መጣ፤ ከካርቱም የመጣች አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር እኔ በተከራየሁበት ግቢ ክፍል ያዘች። ትልቁ ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። አንድ ቀን መሣሪያዋን አውጥቼ ከቴሌቪዥኔ ጋር ሳያይዛት ቀረብ አለ። ካርቱም ቤታቸው አዲሱ ዓይነት እንደ ነበረው በምልክት ነገረኝና በእኔዋ ሳቀ። ካሴቱ እምቢ አለ፤ ልጁ ከእጄ ወስዶ እፍ አለበት። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ታንክ ተጫወትን። ለመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንደ ማንኛውም ልጅ ወደ ላይ እየሮጠ ይተኩሳል፤ እኔ እንደ ድሮዬ ከንስሩ አጠገብ እቆማለሁ። አንድ ጊዜ የገዛ ጥይቱ ጡቡን በስቶ ንስሩን መታው። ብዙ ሰዓት ዝም አለ። በማግሥቱ ታንኩን አምጥቶ ከንስሩ በስተቀኝ አቆመና፣ «ኡስታዝ» ብሎ በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ፤ ሂድ ማለቱ ነው። ተኩስ እንደማልችል ልነግረው ዓረብኛው አልመጣልኝም፤ ሄድኩ። እኔ ያሳለፍኳቸውን ታንኮች እየለቀመ እስከ ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ አደረሰኝ፤ በዚያ ላይ መብራት ጠፋ።

ሲመጣ ከአንደኛው ጀመርን። መሣሪያዋ የደረሱበትን አታስታውስም።